ሁለት መቶ ሜትር፤ የቶሮንቶ ማዘጋጃ ቤትና የተዘጉት ክፍሎች

የኦንታሪዮ ማዘጋጃ ቤቶች ማኅበር በየዓመቱ በበጋ በሚያደርገው ጉባኤ፣ ከክፍለ ሀገሩ 444 ማዘጋጃ ቤቶች የሚላኩ ከንቲባዎችና የምክር ቤት አባሎች ተሰብስበው ስለ መንገድ ጥገና፣ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ቆሻሻ ማስወገጃና ስለ ንብረት ግብር ሲመካከሩ፣ ከበላያቸው ካለው መንግሥት የሚመጡትንም ሚኒስትሮች ተራ በተራ ሲያዳምጡ መሰንበት የቆየ ልማዳቸው ነው። ኦገስት 20 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦታዋ በተደረገው በዚሁ ጉባኤ ላይ የጤና ሚኒስትሯ ሲልቪያ ጆንስ ንግግር ሊያደርጉ በተነሡ ጊዜ፣ ከጉባኤተኞቹ ብዙዎቹ አንድ ተጨማሪ የገንዘብ ድጎማ ይሰማ ይሆናል ብለው ይጠብቁ ነበር። ገንዘቡም አልቀረ፤ አስቀድሞ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ወይም ፈቃድ ካለው የሕፃናት መዋያ በ200 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚገኙ፣ ሰዎች አደንዛዥ ዕፅ በጤና ባለሙያ ጥበቃ ሥር የሚወስዱባቸው ክፍሎች ሁሉ እስከ ማርች 31 ቀን 2025 ድረስ ይዘጋሉ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ወደፊት እንዲህ ያለ ክፍል ለመክፈት በራሳቸው ፈቃድ ለፌዴራሉ መንግሥት ማመልከት በሕግ ይከለከላሉ። ይህ ቃል የተነገረው፣ ክልከላው በቀጥታ በሚመለከታቸው ሰዎች ጉባኤ ላይ፣ በገዛ አዳራሻቸው ነበር።

የሚዘጉት ክፍሎች 10 ነበሩ። አምስቱ በቶሮንቶ፣ የቀሩት በኦታዋ፣ በሃሚልተን፣ በጉዌልፍ፣ በኪችነርና በሰሜን ምዕራቡ ከተማ በተንደር ቤይ አንዳንድ ሆነው ይገኙ ነበር። ከቶሮንቶዎቹ አምስት አንዱ፣ ቀድሞ ዳንዳስ ይባል ከነበረው አደባባይ አጠገብ በቪክቶሪያ ጎዳና ላይ የነበረውና «ዘ ወርክስ» የሚባለው፣ የከተማው የጤና መምሪያ ራሱ የሚያስተዳድረው ነበር፤ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ዳር ቆሞ የሚያይ ሳይሆን በሩ የሚዘጋበት ባለቤት ነበር።

በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ያላየ አንባቢ እንደየግምቱ ወይ የኃጢአት ዋሻ ወይ የምሕረት ቤት አድርጎ ይሥለዋል፤ ነገሩ ግን ከሁለቱም ይልቅ የአንድ ጤና ጣቢያ የመርፌ ክፍል ይመስላል። የሚመጣው ሰው በበሩ ላይ እውነተኛ ስሙን አይጠየቅም፤ ለራሱ ባወጣው ቅጽል ስም ይመዘገባል፤ ምን ሊወስድ እንዳሰበም ይናገራል። ዕፁን የሚሰጠው የለም፤ ከመንገድ የገዛውን ይዞ ይመጣል። የሚሰጠው ንጹሕ መርፌ፣ የተጣራ ውሃ፣ የክንድ ማሰሪያ፣ አልኮል የተነከረ ጥጥና ያገለገለውን መርፌ የሚጥልበት ጠንካራ ዕቃ ነው። ከማይዝግ ብረት በተሠራ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ በፊቱ መስታወት ተሰቅሏል፤ መስታወቱም የተሰቀለው ለጌጥ ሳይሆን ነርሷ ከኋላው ሆና ፊቱን እንድታይ ነው። ዓይኖቿ የሚከታተሉት ከንፈሩንና ደረቱን ነው። ከንፈሩ መጥቆር ሲጀምር፣ እስትንፋሱ ሲዘገይና ጉሮሮው የከባድ እንቅልፍ ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ሲያወጣ፣ ትከሻውን እየነቀነቀች በዚያ በቅጽል ስሙ ትጠራዋለች፤ በጣቱ ጫፍ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ትሰካለች፤ በጭምብል አየር ትሰጠዋለች፤ ይህ ሁሉ ካልበቃ ናሎክሶን የተባለውን ማርከሻ በጭኑ ትወጋዋለች። ማርከሻውን መጀመሪያ የማትወጋበት ምክንያት አለ፤ ናሎክሶን ዕፁን ከአካል ሥራው በአንድ ጊዜ ስለሚነቅል፣ ሰውዬው በትውከትና በመንቀጥቀጥ ሕመም ተይዞ ይነሣል፤ ተነሥቶም ስቃዩን ለማስታገሥ ሌላ ዕፅ ፍለጋ ወዲያው ይወጣል። ኦክስጅን ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው ክፍል ገብቶ ቡና እየጠጣ ይቆያል፤ በዚያ ወንበር ላይ ነው ስለ ቁስል ማጠብ፣ ስለ መታወቂያ ወረቀት፣ ስለ መጠለያ አልጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ዕፁን ስለ መተው ወሬ የሚጀመረው።

ይህን ሁሉ አስፈላጊ ያደረገው ፌንታኒል የተባለው ዕፅ ነው። ሄሮይን ሰውን በዓመታት ይጨርሳል ይባል ነበር፤ ፌንታኒል ግን ጥቂት ቅንጣት ከበዛ በደቂቃዎች ውስጥ እስትንፋስ ያቆማል፤ ሰውዬው ብቻውን ከሆነ የሚቀጥለውን ቀን አያይም። በኦንታሪዮ በ2023 ብቻ ከ2,500 በላይ ሰዎች ከኦፒዮይድ ዕፆች የተነሣ ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ500 በላይ የሚሆኑት የቶሮንቶ ነዋሪዎች ናቸው። በላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ መጽሔት በ2024 መጀመሪያ የታተመ አንድ ጥናት፣ በቶሮንቶ ክፍሎቹ ከተከፈቱ በኋላ በዙሪያቸው ባሉት ሰፈሮች በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ሞት በ67 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ሐሳቡ በመጀመሪያ የተወለደው ከአገር መንግሥታት ሳይሆን ከከተሞች ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1986 በበርን ከተማ የተከፈተው፣ ስዊዘርላንድ በሕመምተኞቿ ተጨንቃ በነበረችበት ዘመን ነው። በካናዳም መንገዱን የጠረገው የቫንኩቨር ማዘጋጃ ቤት ነበር። ከንቲባው ፊሊፕ ኦወን፣ ከወግ አጥባቂው ወገን የመጡ ሰው ሆነው ሳለ፣ መከላከልን፣ ሕክምናን፣ ሕግ ማስከበርንና ጉዳት ቅነሳን አንድ ላይ ያያዘ የአራት አዕማድ መርሐ ግብር በ2001 አቀረቡ፤ በዚህም ምክንያት የገዛ ፓርቲያቸው ፊቱን አዞረባቸው። በ2002 የተመረጡት ላሪ ካምቤል ቀድሞ የአስከሬን መርማሪዎች ሹም ስለነበሩ፣ ጉዳዩን ከሬሳ ክፍል ጀምረው ያውቁት ነበር፤ «ኢንሳይት» የተባለው የሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ሕጋዊ ክፍል በሴፕቴምበር 2003 የተከፈተው በእርሳቸው ዘመን ነው። በኋላ የፌዴራሉ የስቲቨን ሃርፐር መንግሥት ሊዘጋው ቢሞክር፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በአንድ ድምፅ፣ መዝጋቱ የሰዎችን የሕይወትና የአካል ደኅንነት መብት ይጥሳል ብሎ ፈረደ።

ቶሮንቶ ዘግይታ ነው የደረሰችው። የከተማው ምክር ቤት በጁላይ 2016 ሦስት ክፍሎች እንዲከፈቱ 36 ለ3 በሆነ ድምፅ ደገፈ፤ ከንቲባው ጆን ቶሪም አብረው ቆሙ። ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ግን የወረቀቱ ሥራ እየተጓተተ ዓመት አለፈ፤ በዚህ መሐል ፌንታኒል ጎዳናውን ስለሞላው፣ በኦገስት 2017 በጎ ፈቃደኞች በሞስ ፓርክ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ያለማንም ፈቃድ አገልግሎቱን ጀመሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ድንኳኑን አላፈረሰም፤ ይልቁንም በዚያው ወር በቪክቶሪያ ጎዳና ጊዜያዊ ክፍል ለመክፈት ተጣደፈ፤ ቋሚው ክፍል በኖቬምበር ተከተለ። የከተማ መንግሥት ሕግ ጥሰው ከቀደሙት ዜጎቹ ኋላ ሲሮጥ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በኦንታሪዮ ሥልጣን የያዘው የዳግ ፎርድ መንግሥት ክፍሎቹን መርምሮ፣ ሕክምና የተጨመረበት አዲስ ስያሜ ሰጣቸው፤ ቁጥራቸውም በመላው ክፍለ ሀገር ከ21 እንዳይበልጥ ወሰነ። በቶሮንቶ በኬንሲንግተን ገበያ የነበረው ክፍል በ2019 ከመንግሥት የሚያገኘውን ገንዘብ ተነጥቆ በምጽዋት መኖር ጀመረ። ይህ ያን ጊዜ እንደ ቅጣት የታየ ነገር ከስድስት ዓመት በኋላ እንዴት እንዳዳነው ወደፊት ይነገራል።

ነገሩን ሁሉ የለወጠው ቀን ጁላይ 7 ቀን 2023 ነው። በሌስሊቪል ሰፈር፣ በኩዊን ጎዳና ላይ ካለው፣ ከአምስቱ የቶሮንቶ ክፍሎች አንዱ ይገኝበት ከነበረው የሳውዝ ሪቨርዴል የጤና ማዕከል ደጃፍ አጠገብ፣ በቀትር፣ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ናቸው የተባሉ ሰዎች እርስ በርስ ሲታኮሱ፣ በመንገድ ታልፍ የነበረች የ44 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በባዘነች ጥይት ተመትታ ሞተች። ከማዕከሉ ሠራተኞችም አንዷ ከተኩሱ በኋላ ወንጀለኛን በመርዳት ተከሰሰች። ሰፈሩ ከዚያ በፊት ለወራት ሲያጉረመርም ነበር፤ በአጥር ሥር የተጣሉ መርፌዎች፣ በትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ የሚደረገው ግብይት፣ በሌሊት የሚሰማው ጩኸት፣ ለማዕከሉም ለከተማውም ተነግሯል። ክፍሎቹን የሚደግፍ ሰው፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ጭምር፣ እዚህ ላይ በፍጥነት ማለፍ አይገባውም። ማዘጋጃ ቤቱ ክፍሉን ለመክፈት ያሳየውን ትጋት በክፍሉ ደጅ ያለውን ግብይት ለመበተን፣ መርፌውን በየሰዓቱ ለማስለቀም፣ የወላጆችን አቤቱታ ተቀብሎ መልስ ለመስጠት አላሳየም። የጎረቤት ብሶት ሳይደመጥ ሲቀር ሌላ አድማጭ ይፈልጋል፤ አድማጩም ኩዊንስ ፓርክ በሚገኘው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተገኘ።

መንግሥቱ ውሳኔውን ሲያስታውቅ ያቀረበው ዋና ማስረጃ፣ በ2023 በቶሮንቶ በክፍሎቹ አቅራቢያ ባሉ ሰፈሮች ለፖሊስ የተነገረ ድብደባ ከሌላው ከተማ በ113 በመቶ፣ ዘረፋም በ97 በመቶ የበለጠ ነው የሚል ነበር። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ትርጓሜው ግን ይጎድለዋል። ክፍሎቹ የተሠሩት ቀድሞ ድብደባና ዘረፋ፣ ድህነትና ዕፅ በበዛባቸው የመሐል ከተማ ሠፈሮች ነው፤ ከሌላው ከተማ ጋር ማስተያየት ሳይሆን ከራሳቸው ከቀድሞው ዘመን ጋር ማስተያየት ነበር የሚገባው።

የ200 ሜትሩም መለኪያ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በመሐል ቶሮንቶ፣ ሕዝቡ በፎቅ ላይ ፎቅ በሚኖርበት ሠፈር፣ የሕፃናት መዋያ የሌለበትን 200 ሜትር ለማግኘት መድከም ያሻል፤ ሜትሩ በካርታ ላይ ሲሳል ፍትሐዊ ይመስላል፤ በመሬት ላይ ሲወርድ ግን ሕመምተኛ ባለበት ቦታ ሐኪም እንዳይቆም የሚከለክል አጥር ይሆናል። አንድ አዲስ መዋያ በአቅራቢያው ፈቃድ ካገኘም ዛሬ የተፈቀደው ነገ ሊከለከል ነው ማለት ነው።

የቶሮንቶ ከንቲባ ኦሊቪያ ቻው ለማስታወቂያው የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ ክፍሎቹ ሲዘጉ ሞት ይበዛል፣ የአምቡላንስ ጥሪና የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍልም ይጨናነቃል አሉ። ያን ጊዜ የከተማው የሕክምና ሹም የነበሩት ዶክተር ኤይሊን ዴ ቪላም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ሚኒስትሯ በበኩላቸው ሰው አይሞትም፤ ይልቁንም ሕክምና ያገኛል ሲሉ መለሱ። ይህ ሁሉ በጋዜጠኞች ፊት የተደረገ ነበር፤ ከማይክሮፎኑ በስተጀርባ ያለው የሥልጣን ሚዛን ግን ለከንቲባዋ ብዙ የሚተውላቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ የካናዳን ሥርዓተ መንግሥት ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ማዘጋጃ ቤቶች የክፍለ ሀገሩ ፍጥረቶች ናቸው፤ የራሳቸው የሆነ ሕገ መንግሥታዊ ህልውና የላቸውም። የወንጀል ሕግና አደንዛዥ ዕፅ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ፣ ክፍል ለመክፈት የሚያስፈልገው ከዕፅ ሕጉ አንቀጽ 56.1 የሚገኝ ልዩ ፈቃድ ከኦታዋ ይሰጣል፤ ጤና ግን የክፍለ ሀገሩ ነው፤ መናፈሻው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጠለያው፣ አምቡላንሱና የእሳት አደጋ ተሽከርካሪው ደግሞ የከተማው ነው። ከተማ በዚህ አገዛዝ እንደ ጢሰኛ ናት፤ ታርሳለች፣ ትዘራለች፣ አረሙንም ትነቅላለች፤ ምን እንደሚዘራ ግን ባለርስቱ ይወስናል። የቶሮንቶ ሰዎች ይህን ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ አያሻቸውም፤ በ2018 ምርጫው በሚካሄድበት ወራት መሐል የፎርድ መንግሥት ታቅዶ የነበረውን 47 የምክር ቤት ወንበር ወደ 25 ሲያወርደው አይተዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ድርጊቱን አጽድቆታል።

ክፍሎቹን ለመዝጋት የቀረበው ረቂቅ ሕግ 223 ይህን ሚዛን አንድ እርምጃ ገፋበት። ከዚያ በፊት ከተማ በራስዋ ፈቃድ ብቻ መክፈት ባትችል እንኳ ለኦታዋ ማመልከት፣ ሌላ ድርጅት ሲያመለክትም የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ትችል ነበር። አዲሱ ሕግ ግን ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ማመልከትንም መደገፍንም፣ ዕፅ በእጅ መያዝ ከወንጀልነት እንዲወጣ መጠየቅንም ከለከለ። ክልከላው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ልመናውንም መያዙን ልብ ይሏል። ጸሐፊው ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ ይህ ይበልጥ የሚያሳዝን ሆኖ ያገኘዋል፤ የጎረቤቱ ብሶት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከተማ ስለ ሕሙማኗ አቤት እንዳትል መከልከል ለጎረቤቱ ምን ይጠቅመዋል?

የክፍለ ሀገሩ ዋና ኦዲተር ሼሊ ስፔንስ ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ ክፍሎቹን የመዝጋት ውሳኔ በቂ ዕቅድ፣ የተጠና የተፅዕኖ ግምትና ከሚመለከታቸው ጋር የተደረገ ምክክር ሳይኖረው የተወሰነ መሆኑን ገለጡ። ሕጉ በማግሥቱ ጸደቀ።

ነገር ግን መንግሥቱ እጁን ባዶ አድርጎ አልመጣም። በተዘጉት ፋንታ ሃርት የተባሉ የቤት አልባነትና የሱስ ማገገሚያ ማዕከሎችን አቆማለሁ አለ፤ መጀመሪያ ለ19 ማዕከሎች 378 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በኋላ ቁጥሩን ወደ 27 አሳደገው። በነዚህ ማዕከሎች ሐኪም፣ የአእምሮ ጤና አማካሪ፣ የመኖሪያ ቤት ፍለጋ ድጋፍና ከድጋፍ ጋር የተያያዘ ማረፊያ ይሰጣል፤ ክትትል የሚደረግበት አወሳሰድና የመርፌ ልውውጥ ግን አይሰጥም። ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕክምናና የመኖሪያ ገንዘብ ሲለምኑ ለኖሩ ማዘጋጃ ቤቶች ይህ እምቢ የማይባል ስጦታ ነው። ሊዘጋ የነበረው የቶሮንቶ ጤና መምሪያ ክፍልም ራሱ አመልክቶ፣ በጃንዋሪ 2025 ከተፈቀዱት ዘጠኝ የተለወጡ ማዕከሎች አንዱ ሆነ። ማስጠንቀቂያውን የሰጠው መምሪያ፣ የተቃወመውን መርሐ ግብር ተቀብሎ የሚያስተዳድር ሆነ ማለት ነው፤ ይህን ግብዝነት ነው ለማለት የሚቸኩል ሰው፣ እምቢ ቢል ለነዚያው ሕሙማን የሚቀርላቸው ምን እንደሆነ ቢያስብ ይሻለዋል።

ከተሞች ሁሉ የቶሮንቶን መንገድ አልያዙም፤ ይህም ካልተነገረ ዘገባው ያዳላል። በዊንዘር በ2023 የተከፈተው ክፍል ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ የከተማው ምክር ቤት ለቦታው ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ ቀድሞ አንሥቶበት ነበር። በአልበርታ ክፍለ ሀገር የሬድ ዲር ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2024 በአብላጫ ድምፅ በከተማዋ ያለው ክፍል እንዲዘጋ ራሱ ጠየቀ፤ ክፍሉም በ2025 ጸደይ ተዘጋ። በተቃራኒው ሰድበሪና ቲሚንስ የተባሉት የሰሜን ኦንታሪዮ ከተሞች ከክፍለ ሀገሩ ገንዘብ ባጡ ጊዜ ከራሳቸው በጀት እየቀነሱ ክፍል አቆሙ፤ የንብረት ግብር ግን ሆስፒታል ለማቆም የተሠራ ምንጭ አይደለምና ሁለቱም በ2024 አከታትለው ዘጉ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ሁሉ የቀረው የተንደር ቤይ ክፍል ብቻ ነበር፤ ተንደር ቤይ ከክፍለ ሀገሩ ሁሉ ለሕዝቧ ቁጥር ከፍተኛውን ሞት ታስመዘግብ የነበረች ከተማ ሆና ሳለ፣ ክፍሏ በ200 ሜትሩ ውስጥ ወደቀባት። ወደ ምዕራብ ራቅ ብላ ያለችው የሌዝብሪጅ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰው ከሚስተናገድባቸው አንዱ የነበረው ክፍሏ፣ የአልበርታ መንግሥት ከሒሳብ ምርመራ በኋላ ገንዘቡን ስላቋረጠበት በኦገስት 2020 መጨረሻ ተዘጋ፤ በጎ ፈቃደኞች በመናፈሻ ድንኳን ሲተክሉ ፖሊስ የቅጣት ወረቀት ሰጣቸው። ቶሮንቶ በ2017 ለድንኳን የሰጠችውና ሌዝብሪጅ በ2020 የሰጠችው መልስ ሲስተያይ፣ በአንድ አገር ሕግ ሥር ሁለት ኅሊና ይታያል።

በማርች 2025 መጨረሻ፣ ቀነ ገደቡ ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት፣ የኬንሲንግተኑን ክፍል የሚያስተዳድረው ድርጅትና ሁለት ተጠቃሚዎች ያቀረቡት አቤቱታ በኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሁለት ቀን ተሰማ። አቤት ባዮቹ ሕጉ የሕይወትና የአካል ደኅንነት መብትን ይጥሳል፣ የፌዴራሉን የወንጀል ሕግ ሥልጣንም ይነካል ሲሉ፣ መንግሥቱ የሕፃናትና የሠፈሩ ደኅንነት ይቅደም ብሎ ተከራከረ። ዳኛ ጆን ካላሃን ማርች 28 ቀን በሰጡት የእግድ ትእዛዝ፣ የሕገ መንግሥቱ ጥያቄ እስኪወሰን ድረስ የ200 ሜትሩ ክልከላ በክፍሎቹ ላይ እንዳይፈጸም አዘዙ። ሰዎች ደስ አላቸው፤ ደስታው ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ሆነ። ወደ ሃርት ማዕከልነት የተለወጡት ዘጠኙ፣ ገንዘቡን የተቀበሉት ክትትል ያለበት አወሳሰድን ትተው ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት ቢፈቅድላቸውም እንኳ ሊቀጥሉ አልቻሉም። ከመንግሥት ካዝና አንድ ሳንቲም የማያገኘው፣ በ2019 በድህነት የተቀጣው የኬንሲንግተን ክፍል፣ የሚነጠቀው ነገር ስላልነበረው ከአሥሩ ብቻውን በሩን ከፍቶ ቀረ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ክልከላን ሊያግድ ይችላል፤ የገንዘብ ውልን ግን አያግድም፤ ይህን የክፍለ ሀገሩ ሕግ አርቃቂዎች ከማንም በፊት ተረድተውት ነበር።

ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በቶሮንቶ የሚታየው፣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የነበረው ሥራ በከተማው ሁሉ መበተኑ ነው። መርፌውን በሚያይ ነርስ ፋንታ በመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚያንኳኳ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለ፤ በመጠለያ ኮሪደር ላይ በየተወሰነ ጊዜ የሚዞር ተረኛ አለ፤ ናሎክሶን የያዘ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ በ2022 የጀመረውን፣ ከፖሊስ ይልቅ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚላኩበትን የቀውስ አገልግሎት በ2024 ወደ መላው ከተማ አስፍቶታል፤ ሰው 211 ደውሎ ሊጠራቸው ይችላል። ሥልጣን የተነፈገ ማዘጋጃ ቤት የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ትልቁን በር ሲዘጉበት ሠራተኞቹን ሁሉ በረኛ ያደርጋቸዋል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግን መጽሐፍ ሊያውስ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ከንፈሩ የጠቆረ ወጣት ላይ ጎንበስ ባለ ጊዜ በክፍሉ የነበረው ኦክስጅንና የጣት መለኪያ ከእጁ የለም።

በዚህ ላይ የዕፁ ገበያ እንደ ሁልጊዜው አልቆመም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፌንታኒሉ ሜዴቶሚዲን ከተባለ የእንስሳት ማደንዘዣ ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፤ ናሎክሶን እስትንፋሱን ቢመልስለት እንኳ ሰውዬው ለሰዓታት ሳይነቃ ሊተኛ ይችላል፣ ልቡም በዝግታ ይመታል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ጊዜ ያለው ጠባቂ ነው። ስለ ሞቱ ቁጥር ደግሞ ማንም ወገን አይቸኩል፤ በኦንታሪዮ ከኦፒዮይድ የሚመጣው ሞት ክፍሎቹ ከመዘጋታቸው በፊት፣ በ2024፣ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ በሌሎች የሰሜን አሜሪካ ስፍራዎችም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከቀነሰ መንግሥቱ የእኔ ሥራ ነው ሊል፣ ከጨመረም ተቃዋሚው እንዲሁ ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ከሒሳቡ አንድ ዓምድ ብቻ እያነበቡ ይሆናል።

ነገሩ ከኛ ከሐበሾችም ሩቅ አይደለም፤ የሳውዝ ሪቨርዴል ማዕከል ያለበት የኩዊን ጎዳና፣ የኛ ሰዎች የእንጀራ ቤቶችና የቡና ቤቶች ካሉበት ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም አይርቅም፤ ሌላው የተዘጋው ክፍል የነበረበት ሪጀንት ፓርክም ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሠፈር ነው። በመጠለያዎች የሌሊት ተረኛ፣ በሆስፒታል ነርስ ሆነው የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር በየዕለቱ ያዩታል፤ በየቤታችን ግን ጉዳዩ እንደ ሥጋ ደዌ ዘመን በሹክሹክታ የሚነገር፣ ከነፍስ አባት በቀር ለማንም የማይገለጥ ሆኖ ቆይቷል። ክፍሉ በተዘጋበት ከተማ ልጁ በመኝታ ክፍሉ በር ዘግቶ የሚወስድ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ነገር ቢኖር፣ ናሎክሶን በኦንታሪዮ በሚሳተፉ ፋርማሲዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ ነው፤ በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት መርፌ አያሻውም። ለአምቡላንስ መደወልን በተመለከተ፣ በ2017 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ ኦቨርዶዝ ለደረሰበት ሰው እርዳታ የጠራም በስፍራውም የነበረ ሰው ዕፅ በእጁ በመያዙ ብቻ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል፤ ዕፅ መሸጥን፣ ሌላ ወንጀልን ወይም አስቀድሞ የወጣ የመያዣ ትእዛዝን ግን አይሸፍንም።